ያው ኪሎ

የእኛ ሰላምታ ምዘና አለበት። ሰው ከሰው ሲገናኝ ትከሻ ለትከሻ ይገጫጫል፣ ጤና ይጠያየቃል፣ የልጆቹን ደኅንነት ይጠያየቃል፤ ከዚያ አንዱ ፈቀቅ ብሎ ሌላውን ከእግሩ እስከ ራሱ ያየውና ፍርዱን ይሰጣል። «ምነው ከሳህ?» ወይም «አይ፣ ተስማምቶሃል!» ይግባኝ የለውም። ውጭ አገር የከረመች ልጅ ለእረፍት መጥታ አክስቷ ቤት ስትገባ «ወፍረሽልኝ መጣሽ!» ስትባል ፊቷ ይቀላል። አክስት ግን እያሞገሷት ነው። እሷ ስንት ጠዋት ሮጣ፣ ስንት እራት ዘላ ላወርደው ብላ የታገለችውን ኪሎ አክስቷ «እሰይ፣ ሰው መሰልሽ» ብለው ይመርቁላታል።

አክስት ላይ ለመፍረድ አይቸኮልም። በእሳቸው ዕድሜ ላለ ሰው ክሳት ብቻውን መጥቶ አያውቅም። በ1966 ዓ.ም. ከረሃብ ጋር መጣ፤ በ1977ም እንደዚያው። ከዚያ ደግሞ ስሙ በሹክሹክታ ብቻ ከሚነሳ በሽታ ጋር መጣ። የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መታደል እስኪጀምር ድረስ በዚህ ከተማ መክሳት ማለት መታማት ነበር። ጨጓራ ይሁን ሐሳብ፣ ፍቅር ይሁን ዕዳ፣ የከሳውን ሰው መንደሩ መርምሮ ጨርሶ ውጤቱን በቡና ላይ ይናገር ነበር። ስለዚህ የእኔ ትውልድ ቦርጭን እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ይዞ አረጀ።

ይህን የምጽፈው ከሰንጋ ተራ ነው፤ ገላን በዓይን መመዘን የስንቱ እንጀራ ከነበረበት ሰፈር። ዛሬ እዚህ ለመጣ እንግዳ ዓይን ውስጥ የሚገባው ባንክ ነው። መስታወት የለበሱ ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ወደ ብሔራዊ ቴአትር በኩል ደግሞ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ፣ በዚህ በኩል በ2009 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው የ40/60 ቤቶች፣ በሜክሲኮና በተግባረ እድ አድርጎ ወደ ልደታ የሚያልፈው ባቡር። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ቦታው የቀንድ ከብት ገበያ ነበር፤ ስሙ ከዚያ የቀረ ነው።

የከብት ነጋዴ ሚዛን አይዝም። ሰንጋው ዘንድ ጠጋ ይልና ሻኛውን ይጨብጣል፤ በእጁ ጀርባውን ይዳብሳል፤ የጎን አጥንቱን በጣቶቹ እየዳሰሰ ይቆጥራል፤ ታፋውን መታ መታ ያደርጋል። ሆዱን አያምንም፤ ጨው ልሶ ውኃ የተጋተ በሬ ሆዱ እንደሚነፋ ያውቃል። በመጨረሻ «እስቲ ንዳው» ይልና አረማመዱን ያያል። ከዚህ በኋላ ነው ዋጋ የሚጠራው። የአረጋውያን ሐኪሞች ዛሬ በየጉባኤው የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ኪሎ ብቻውን አይበቃም፣ ጨብጠህ እይ፣ አስኬደህ እይ ነው የሚሉት። ሰውን ከበሬ ጋር አወዳደርክ የሚለኝ ካለ፣ በሬው የተሻለ ተመርምሯል ብዬ እመልስለታለሁ።

ከሜክሲኮ ወደ እኛ በሚያመጣው የእግረኛ መንገድ ዳር ሚዛን አስቀምጠው የሚውሉ ልጆች አሉ። የአንደኛው ሚዛን መስታወቱ የተሰነጠቀ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ነው፤ ሥሩ ካርቶን ተነጥፎለታል። ከነጫማህ ትወጣለህ፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ያነብና መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ ያውጃል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደንበኛው ነኝ። «ሰባ ሁለት፣ ፋዘር! አይንቀሳቀሱም እኮ!» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ ጡረታ ስወጣም 72 ነበርኩ፣ ዛሬም 72 ነኝ። ትልቁ ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ በእግር ቅርባችን ሆኖ ክብደታችንን የምንጠይቀው የመንገድ ዳሩን ልጅ መሆኑ ደግሞ የሰፈራችን ወግ ነው።

ልብሴ ግን ከሚዛኑ ጋር አይስማማም። ለእህቴ ልጅ ሠርግ የድሮ ሙሉ ልብሴን አውጥቼ ስለብሰው ኮቱ ትከሻዬ ላይ እንደ ተሰቀለ ሆነ፤ ክንዱ ውስጥ ሌላ ክንድ የሚያስገባ ቦታ አለ። ሱሪው በተቃራኒው ወገቡ ላይ አልቆለፍ አለ፤ መቀመጫው ላይ ግን ባዶ ከረጢት ሆኖ ተንጠለጠለ፤ እግሩ ደግሞ መሬት ይጠርጋል። ልብስ ሰፊው በአፉ መርፌ ይዞ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ በጠመኔ እዚህም እዚያም ጫር ጫር አደረገ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ኮቱን ላጥብበው፣ ሱሪውን ላስፋው፣ ከታች ደግሞ ልጠፈው።»

«ኪሎዬ እኮ ያው ነው» አልኩት።

መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። «ኪሎውን እኔ አላውቅም፤ ሜትሩ የሚለው ይሄን ነው።»

ሳይንሱም የሚለው ይህንኑ ነው። ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከ60 በኋላ ይፈጥናል። መጀመሪያ የሚሳሱት ጭንና መቀመጫ ናቸው፤ ሱሪው የነገረኝ ይህንን ነበር። በምትኩ ስብ ይገባል፤ ያውም እንደ ወጣትነት በቆዳ ሥር ተከፋፍሎ ሳይሆን ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በጉበት፣ በጡንቻውም ክሮች መሃል ሳይቀር። የወጣው ጡንቻና የገባው ስብ ሲተካከሉ ሚዛኑ ዝም ይላል። አሜሪካዊው ሐኪም ኧርዊን ሮዘንበርግ ለዚህ የጡንቻ መመናመን «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም ያወጡለት በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የሰው ልጅ ካረጀበት ጊዜ ጀምሮ የነበረ ነገር የራሱን ስም እስኪያገኝ ይህን ያህል ቆየ። እስከዚያ ድረስ «እርጅና ነው» ሲባል ኖረ፤ በእኛ ሰፈር ዛሬም እንደዚያው ነው።

በአብዛኛው ሰው ላይ ኪሎ እስከ 50ዎቹና 60ዎቹ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ትንሽ ይቆማል፤ ከ70 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ይወርዳል። ሽቅብ ሲወጣ ሰው ጥፋቱን ዕድሜው ላይ ይጥላል። «ከአርባ በኋላ ሰውነቴ ማቃጠል አቆመ» የማይል ቦርጫም አላጋጠመኝም። ሐሰት ነው። ሄርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቻቸው በ2021 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት ከ29 አገሮች የተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎችን፣ ከ8 ቀን አራስ እስከ 95 ዓመት አዛውንት፣ አይተዋል። የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሚቃጠለው ጉልበት አይቀንስም። እንግዲያው የአርባ ዓመቱ ቦርጭ የመጣው ከቁርጡ፣ ከቢራውና ከቢሮው ወንበር ነው። ከ60 በኋላ ግን እውነትም ይወርዳል፤ በዓመት 0.7 በመቶ ገደማ። በ90ዎቹ የደረሰ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ጉልበት ከጎልማሳው በ26 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጠመዘዘው። የሽማግሌ ሆድ ትንሽ ይበቃዋል፤ ጡንቻው ግን ትንሽ አይበቃውም። እንዲያውም በ2013 እ.ኤ.አ. ምክር ያወጡ የአረጋውያን ሕክምና ባለሙያዎች ከ65 በላይ ለሆነ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይላሉ፤ ይህ ለወጣቱ ከሚባለው ይበልጣል። 50 ኪሎ የምትመዝን አሮጊት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። ዳቦ በሻይ ሲሰላ ያሳዝናል። ችግሩ የምግብ ፍላጎቱም መዘጋቱ ነው፤ ያረጀ ጨጓራ በቶሎ «ጠገብኩ» ይላል፣ ምላስና አፍንጫም ጣዕሙን ያሳንሱታል። «ጨው አነሰው» የሚሉ አባት ምግቡን ሳይሆን ምላሳቸውን ነው የሚነግሩን።

በየጤና ተቋሙ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፈው የኪሎና የቁመት ሰንጠረዥም አንድ ነገር ልበል፤ አንጀቴ ያረረው በእሱ ነውና። ኪሎን በቁመት ስኩዌር ማካፈል ቤልጅጋዊው የከዋክብትና የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ በ1830ዎቹ ያመጡት ስሌት ነው። እሳቸው የፈለጉት የአማካዩን ሰው ልክ ማወቅ ነበር እንጂ የሰንጋ ተራን ጡረተኛ ጤና መመርመር አልነበረም። ዛሬ የሚጠራበትን ስም የሰጡት አሜሪካዊው አንሴል ኪስና ባልደረቦቻቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ናቸው። ውጤቱ ከ25 ካለፈ «ከልክ በላይ» ትባላለህ። እኔ ሥራ ስቀጠር በተሰጠኝ የሕክምና ወረቀት ላይ ቁመቴ 1.70 ሜትር ነው። በ72 ኪሎ ሲሰላ 24.9 ይሆናል፤ ጨዋ ሰው ነኝ። አሁን ስለካ ቁመቴ 1.67 ሆኗል። ያው 72 ኪሎ 25.8 መጣ። አንዲት ጉርሻ ሳልጨምር፣ በማጠር ብቻ ወፈርኩ!

ማጠሩ የእኔ ብቻ አይደለም። በጀርባ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ይሳሳል፤ አጥንቱም ራሱ ይጨፈለቃል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰዎችን እያስረጀ የሚከታተለው ጥናት እንዳሳየው ከ30 እስከ 70 ዓመት ባለው ጊዜ ወንድ በአማካይ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሴት 5 ሴንቲ ሜትር ያጥራሉ፤ 80 ሲደርሱ 5 እና 8 ይሆናል። ለዚህ ነው ዐዋቂ ሐኪም ጀርባው የጎበጠውን ሰው ቁመት ትቶ የተዘረጋ ክንዱን የሚለካው። ክንድ አያጥርም።

አክስትንም በከፊል የሚደግፍ ነገር አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. 32 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንታኔ ታትሞ ነበር፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 198,000 ያህል ሰዎች የተካተቱበት። ሞት ዝቅ ብሎ የተገኘው በዚያው በሰንጠረዡ ስሌት ከ24 እስከ 31 ገደማ ባሉት ላይ ነው፤ ከ23 በታች ሲወርድ አደጋው ይጨምር ጀመር። ሰንጠረዡ ወጣቱን «ቀንስ» ብሎ የሚቆጣበት ቦታ ለሽማግሌው ማረፊያው ነው ማለት ነው። በእርግጥ የከሳው ሁሉ በመክሳቱ አይደለም የሚሞተው፤ ብዙው የከሳው ቀድሞ ታሞ ነው። ስለዚህ «ሽማግሌ ይወፍር» የሚል አዋጅ አይወጣም። ነገር ግን የ75 ዓመት ሰው ደልደል ብሎ በእግሩ እየሄደ፣ ስኳሩና ደም ግፊቱ ተይዞለት ሳለ «አሥር ኪሎ ካልቀነስክ» ብሎ እራቱን ማስጣል ጡንቻውንም አብሮ መውሰድ ነው። በምግብ መቀነስ ብቻ ከሚወርደው ኪሎ ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ ስብ ያልሆነ ሥጋ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ የሄደ ጡንቻ በቀላሉ አይመለስም።

አገራችንም ሰው ስትመዝን ሽማግሌው ላይ ስትደርስ ሚዛኗን ታነሳለች። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 መዘነ። በ2015 እ.ኤ.አ. ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 69 ድረስ ሄደ። 70 የሞላውን ሰው የመንገድ ዳሩ ልጅ ይመዝነዋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለማይንቀሳቀስ ኪሎ ነው። የሚወርደው ኪሎ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በእሱ ላይ ቀልድ አይመጣልኝም።

ከእኔ በላይ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት አሉ፤ ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እኔን ራሴን፣ ጡረተኛውን፣ «አንተ ልጅ» ይሉኛል። ድሮ እዚሁ ሰንጋ ተራ በቀበሌ ቤት ነው የኖሩት። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የቡና ጓደኞቻቸው ተበተኑ፤ አንዷ ጀሞ፣ አንዷ ልጇ ጋ፣ አንዷም ወደማይመለሱበት። ልጃቸው ባንክ ትሠራለች፤ ጠዋት ምሳቸውን አዘጋጅታ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ማታ ስትመለስ እንዳስቀመጠችው ታገኘዋለች። «ማን ጋር ልብላው?» ይላሉ። ቡናም ቆመ። «ለራሴ ብዬ ጀበና ልጥድ እንዴ? ይሄ መጠጣት አይደለም፣ መድኃኒት መዋጥ ነው።»

ክሳታቸውን ማንም አላየም። ጋቢ ትልቅ ሸፋኝ ነው፤ ነጠላም እንደዚያው። ፊት ደግሞ በየቀኑ ለሚያየው ሰው አይከሳም። አንድ ቀን ሻይ ሲያቀብሉኝ የጋብቻ ቀለበታቸው ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞ አየሁ፤ ደጋግሞ፣ ወፍራም አድርገው። «እየወለቀ አስቸገረኝ፤ አንድ ጊዜ ሊጥ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አሉ። ልጃቸው ስትጠየቅ «እርጅና ነው» አለች። ጎረቤት «እርጅና ነው» አለ። እሳቸውም «እርጅና ነዋ፣ ልጄ፤ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። ይህን ያህል ስምምነት በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ልጃቸው ሥራ ስለማይመቻት ክሊኒክ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሞ ስለነበር ደረጃውን ወረድን፤ በየፎቁ ድጋፉን ጨብጠው ቆም እያሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ51 ኪሎ ወደ 46 ወርደዋል። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ካርዱን አየችና ቀና አለች። ሳይፈልግ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ የቀነሰ አረጋዊ መመርመር አለበት። የእማማ ወደ 10 በመቶ ይጠጋል። እርጅና በራሱ እንዲህ አይቸኩልም፤ የእሱ ቅነሳ በዓመት በግራሞች የሚቆጠር ነው።

ጥያቄው ብዙ ነበር። ሳል አለ? ሌሊት ያልብዎታል? ሲውጡ ይይዝዎታል? ውኃ ያስጠማዎታል? ልብዎ ይመታል? ከየትኛው መድኃኒት በኋላ ነው ምግብ ያስጠላዎት? ሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ገና ያልተላቀቀን ነው፤ በአረጋዊ ላይ ደግሞ ያለ ብዙ ሳል፣ ክሳትን ብቻ አስቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስኳር አለ፣ የታይሮይድ ዕጢ አለ፣ ካንሰር አለ። እንቅርት አንገት ላይ ስናይ እንፈራለን እንጂ ኪሎ ሊበላ እንደሚችል አናስብም። ድባቴም አለ፤ ሽማግሌ ሲከፋው አያለቅስም፣ መብላት ይተዋል። ከዚያ ሐኪሟ ያልጠበቅኩትን ጠየቀች። «ምሳ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?» እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «ይቺ ልጅ ነገር ታውቃለች» አሉ።

ራጁም ደሙም ደህና ሆኖ መጣ። ተመርምረው ምንም ካልተገኘባቸው ሰዎች መካከል የገቡ መሰለኝ፤ ከአራቱ አንዱ ያህል እንደዚያ ነው ይባላል። ነገሩ የተገኘው ግን አፋቸው ውስጥ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ድዳቸው እየሳሳ ሲሄድ ሰፍቷቸው ያቆስላቸዋል፤ ስለዚህ ሰው ፊት ብቻ ያደርጉታል፣ ሲበሉ ያወልቁታል። ይህን ለልጃቸው አልነገሩም፤ «ወጪ ላብዛባት?» ነው ምክንያታቸው። በዚህ በቁርጥ በሚታወቅ ከተማ ጥርስ የሌለው ሰው ምን ያህል ከማዕድ እንደሚገፋ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ክትፎን የፈጠረ ሰው ለዚህ ውለታው ሐውልት ይገባው ነበር።

አንድ ነገር በመሃል ላስገባ፣ ተገላቢጦሹን። አባታችሁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ፣ ጫማቸው ከጠበባቸው፣ ካልሲያቸው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ጉድጓድ ከተወ፣ «ተስማማዎት» ብላችሁ አትመርቁ። ስብ በሦስት ቀን አይጠራቀምም። ውኃ ነው፤ ልብ ወይም ኩላሊት ማስወጣት ያቃተው። ያን ቀን ሚዛኑ እውነተኛ ጠቃሚ ዕቃ ይሆናል፤ ልብ ድካም ያለበት ሰው በየማለዳው የሚመዘነውም ለዚህ ነው።

ሐኪሟ እማማን በሚዛን ብቻ አልተወቻቸውም። ከኪሷ ሜትር አወጣች፤ የልብስ ሰፊውን የመሰለ። ባታቸውን ዙሪያውን ለካች፤ 29 ሴንቲ ሜትር። ከ31 በታች ሲሆን ጡንቻ ሳስቷል ማለት ነው። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ከወንበር አምስት ጊዜ እንዲነሱና እንዲቀመጡ ጠየቀች፤ ከ15 ሴኮንድ በላይ ከወሰደ ጉልበት ደክሟል። ሰዓቷን ይዛ ቆመች። እማማ በአሥራ ሦስት ጨርሰው «ሌላስ?» አሏት። ሐኪሟ ሜትሯን ደግማ አየች። ባቱ እንደዚያ ሳስቶ ጭኑ ከየት አምጥቶ ነው?

እኔ ገምቻለሁ። እማማ የልደታ ደጅ የሚሳሙ ሰው ናቸው። ቅዳሴውን መቋሚያ ተደግፈው ቆመው ያስቀድሳሉ፤ በቤታቸው ጠዋትና ማታ ይሰግዳሉ፤ በሕማማት ሰሞን ደግሞ ቁጥሩን አታንሱት። መውረድ፣ ግንባርን ማስነካት፣ በጭን ጉልበት መነሳት፤ ጂም የሚሄደው የባንክ ልጅ «ስኳት» ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከፎቃችን ያሉ ሙስሊም አዛውንትም ሶላታቸውን ወንበር ላይ ለመስገድ እምቢ ያሉበትን ምክንያት አሁን ነው የገባኝ፤ ያ እምቢታ ጉልበታቸውን አቆየላቸው። ጾሙን ግን እማማ እንደ ልጅነታቸው ጊዜ ነው የሚይዙት፤ ሁሉንም አጽዋማት የሚጾም ሰው በዓመት ከ200 ቀን በላይ ከሥጋና ከወተት ይርቃል፤ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ። ሽሮውና ምስሩ በደንብ ቢበላ ፕሮቲኑን ይሰጣል፤ በሻይና በዳቦ የሚያዝ ጾም ግን ለወጣትም አይበጅም። ቤተ ክርስቲያን በአንድ እጇ ወተቱን ትወስድና በሌላው ስኳቱን ታሠራለች። ስሌቱን መምህራኑ ያስቡበት።

ጡንቻ በስተርጅና አይመለስም የሚለው ወሬም ሙሉ እውነት አይደለም። ማሪያ ፊያታሮኔ የተባሉ ሐኪም በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የነበሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 ደካማ ሰዎችን ለ8 ሳምንት ብረት በእግራቸው አስገፉ። የጭናቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ኪሎ እንዲጨምሩ ወይም እንዲቀንሱ የጠየቃቸው የለም።

እንግዲህ ሐኪሟ ለእማማ ያዘዘችው እንዲህ ነው፤ ጥርሱ ይስተካከል፣ ምሳ ከሰው ጋር ይበላ፣ በየቀኑ እንቁላልና ወተት ይገባ። ምሳውን ጎረቤቶች ተከፋፍለን ይዘነዋል፤ እኔ ማክሰኞና ሐሙስ ነኝ፤ ጀበናውም ተጥዷል። ጥርሱን ልጃቸው አሠራች። ወተቱ ላይ ስንደርስ ግን ዐቢይ ጾም ገባ፤ 55 ቀን። እማማ «የነፍስ አባቴ ሳይፈቱኝ አንዲት ጠብታ አላደርግም» አሉ። የነፍስ አባታቸው መጡ፤ ካርዱን አነበቡ፤ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው አዩና «ልጄ፣ ለሕመምተኛ ተፈቅዷል፤ ወተቱን ጠጪ፤ ስግደቱንም ስለ ድካምሽ ትቼልሻለሁ» አሏቸው።

እማማ ተቆጡ። «ወተቱን ካሉ እሺ አባቴ። ስግደቱን ግን ማን ይሰግድልኛል?»

በቀጠሮው ቀን ይህን ለሐኪሟ ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ወደ እማማ ዞራ «በቀን ስንት ይሰግዳሉ?» አለችና የነገሯትን ቁጥር ከኪሎው ጎን ካርዱ ላይ ጻፈችው።